ለዋኘው የሠራሁት እጅ

ይጁቤ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለእህቴ።

«እንደምን ሰነበትሽ» የሚባለው ሳምንትና ወር ለተለያየ ሰው ነው። እኛ ከተለያየን አሥራ አራት ዓመት ስለ ሆነን፣ እንደምን ኖርሽልኝ ብዬ ልጀምር። እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆችሽ እንዴት ናቸው? በእናንተ በኩል የዘንድሮው እህል ጎተራ ገባ ወይስ የጣሊያን ወታደር በላው? እኔ፣ ክብር ለስሙ ይሁን፣ ወገቤን ከሚያመኝ በቀር ደኅና ነኝ። የብርጓልም ደኅና ናት። የብርጓል ሚስቴ ናት፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስላገባኋት አታውቂያትም። ሸክላ ትሠራለች። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም እንጂ ኑሯችን ክፉ አይደለም።

አባታችን ዳግመኛ እንዳልፈልግሽ፣ በሰው አፍም በወረቀትም እንዳልልክብሽ በመስቀል አስምሎኝ ነበር። መሐላውን እስከ ዛሬ ጠብቄያለሁ። ዛሬ አፍርሼዋለሁ። ለምን እንዳፈረስሁት አንብበሽ ስትጨርሺ ታውቂያለሽ። አትደንግጪ፤ በአንቺ ላይ የመጣ ክፉ ነገር የለም።

አስቀድሜ ግን ልደብቅሽ የማይገባኝን ልንገርሽ። አባታችን ዐርፏል። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በዓመቱ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ብዙ አልተሠቃየም። ሦስት ቀን ተኛ፣ በአራተኛው ሄደ። ቀባሪ ይጠፋ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ስድስት ሰው መጣልን። ከማረፉ በፊት ስላንቺ ጠየቀኝ። «ልጅቷ ሰው ሆናለች?» አለኝ። «ሆናለች» አልሁት። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልተናገረም።

ቤታችን የተቃጠለበትን ቀን የምትረሺው አይመስለኝም። አንቺ ዐሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር፣ እኔ ዐሥራ ዘጠኝ። የጎረቤታችን ሕፃን ታሞ ሲሞት «ቀጥቃጮቹ ናቸው የበሉት» ተብሎ መጡብን። ከእሳቱ የተረፈልን ወናፉና መዶሻው ብቻ ነበር። በዚያው ሳምንት አባታችን ፊደል ላስቆጠሩን ለእማሆይ አመተ ሥላሴ አሳልፎ ሰጠሽ፤ እሳቸውም ወደ መርጡለ ማርያም ሲሄዱ «የሙት ልጅ ናት፣ ወገን የላትም» ብለው ይዘውሽ ሄዱ። እማሆይ ሊያርፉ ሲሉ በአንድ መነኩሴ አፍ እንዲህ የሚል ቃል ልከውልን ነበር፤ «አግብታለች። ባሏ ዋኘው አስማማው ይባላል፣ ገበሬ ነው። የማን ልጅ እንደ ሆነች የሚያውቅ የለም።» ከዚያ ወዲህ ስላንቺ የሰማሁት ነገር አልነበረም፣ እስከ ዘንድሮ ጥር ድረስ።

ይህ ጦርነት ይዞብኝ የመጣውን ሥራ ልንገርሽና ወደ ነገሬ ልግባ። ቀድሞ ማረሻና ማጭድ፣ መጥረቢያና ዶማ ነበር የምሠራው። ካቻምና ግን አርበኞቹ የተሰበረ ጠመንጃ ያመጡልኝ ጀመር። እኔ የጠመንጃ ሥራ አልተማርሁም። ግን ሌላ ሰው የለም። ጣሊያኖች ደብረ ማርቆስ ላይ ብረት ቤት ከፍተው ቀጥቃጩን ሁሉ ሲሰበስቡ እኔ ወገቤን አመካኝቼ ቀርቻለሁ፤ ስለዚህ የጫካው ሰው የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ሰደፍ እቀጥላለሁ፣ የተጣመመ አቀናለሁ። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ አንድ አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃ መጣልኝ። ጥይት የሚጎርሰውን ቤት የሚዘጋው ብረት ጠፍቶበት ነበር። ከጋሪ ብረት ቀጥቅጬ ሌላ አበጀሁለት። እንዲጠነክር ብዬ አግዬ በቀዝቃዛ ውሃ ነከርሁት። እሱ ላይ ተሳሳትሁ። ሲበዛ የጠነከረ ብረት እንደ ሸክላ ነው፣ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። መልሼ በቀስታ ማሞቅ ነበረብኝ፤ ሰዎቹ ቸኩለው ስለ ነበር ተውሁት። ሥራዬን የምለይበትን ሦስት የሞረድ ጭረት አሳርፌበት ሰጠኋቸው።

እንግዲህ ጥር ላይ፣ በጥምቀት ማግስት፣ አንድ ሰው በበቅሎ መጣ። ቀኝ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎታል። ሰው እንደሚያደርገው ከደጅ ራቅ ብሎ ቆመና «የይጁቤው ብረት ሠሪ አንተ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልሁት። «ዋኘው አስማማው እባላለሁ። ከመርጡለ ማርያም በኩል ነው የመጣሁት» አለ። የያዝሁት መዶሻ በአየር ላይ ቀረ። የምቀጠቅጠው ብረት መስፉ ላይ ቀዝቅዞ ጠቆረ። እሱ የደነገጥሁት ጨርቁን ሲፈታ ያየሁትን አይቼ መሰለው። አራቱ ጣቶቹ ከሥራቸው የሉም። የቀረው መዳፉና አውራ ጣቱ ነው። ቁስሉ ደርቋል።

«ኅዳር ላይ በጮቄ ግርጌ ስንዋጋ ጠመንጃው እጄ ላይ ፈነዳ» አለኝ። ከኮሮጆው አንድ ስባሪ ብረት አውጥቶ ድንጋይ ላይ አኖረልኝ። አነሣሁት። ሦስቱ ጭረት አለበት።

እህቴ፣ ይህን የምነግርሽ እንድትፈርጂብኝ ነው። የባልሽን እጅ የወሰደው የእኔ ሥራ ነው። ያን ዕለት ግን አልነገርሁትም። ብረቱን አገላብጬ አየሁና መለስሁለት። «ከእኔ የምትፈልገው ምንድን ነው?» አልሁት። «ብረትን ያሻህን ታደርገዋለህ ይላሉ። አውራ ጣት አለኝ፤ የቀረውን ጨምርልኝ» አለኝ።

ሐኪም ፍለጋ ወደ ደብረ ማርቆስ እሄዳለሁ ብሎሽ እንደ መጣ በኋላ ነው ያጫወተኝ። ገበያው አጠገብ ከአንድ የሚያውቀው ሰው ቤት አደረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጧቱ እየመጣ እኔ ጋ ይውል ነበር። ምሳውን በአገልግል ይይዛል። የመብያው ሰዓት ሲደርስ ከግራሩ ሥር ይሄድና ጀርባውን ሰጥቶን ይበላል። አልተቀየምሁትም፤ ሁሉም እንደዚያው ነው።

በመጀመሪያ የሠራሁለት ነገር ያሳፍረኛል። ጣት የጎደለው ሰው የሚያስፈልገው ጣት ነው ብዬ አራት የብረት ጣት ሠራሁ። መገጣጠሚያውን ሁሉ አስመስዬ፣ ጥፍሩን እንኳ ሳላስቀር። አሥር ቀን ፈጀብኝ። አጥልቆ አየውና «ያምራል። ግን ምን ያነሣል?» አለኝ። ማጭድ አስያዝሁት፣ ወደቀ። ዱላ አስያዝሁት፣ ወደቀ። ሊስቅ አልፈለገም፣ እኔ ግን ሳቅሁ፣ ከዚያ እሱም ሳቀ። «እኔ ሣር ማጨድ፣ ማረስ፣ እንጨት መቁረጥ፣ እንጀራዬን በቀኜ መብላት ነው የምፈልገው። ለማማሩማ ምን ያደርግልኛል?» አለ።

ያን ዕለት ሲሄድ ማረሻ የሚጠገንለት ገበሬ መጥቶ ነበር። ማረሻውን ከእንጨቱ ነቅዬ ሌላ ሳገባ፣ የሚያንቀውን ቀለበት፣ ወገሉን፣ ወደ ቦታው ስመልስ፣ ነገሩ ገባኝ። ማረሻ ሲያረጅ እንጨቱን አንጥለውም። ብረቱን እናወጣለን፣ ሌላ ብረት እናገባለን፣ ወገሉ አንቆ ይይዘዋል። እጁ መሣሪያውን ካልጨበጠ መሣሪያው ራሱ እጁ ውስጥ ይግባ። መዳፉ ላይ አንድ የብረት ቤት ይቀመጥ፤ ማጭዱም ቢላዋውም ሁሉም አንድ ዓይነት ጭራ ይኑራቸው፤ ሥራው ሲለወጥ አንዱ ይውጣ፣ ሌላው ይግባ። ለዋኘው ስነግረው መሬት ላይ በእንጨት ሣልልኝ አለ። ሣልሁለት። ብዙ አየው። «በአንድ እጄ ብቻ መለወጥ አለብኝ። ማሳ ላይ ረዳት የለኝም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሥራውን የመራው ይህ ቃሉ ነው።

ቤቱን መጀመሪያ በክብ ቀዳዳ ሠራሁት። ማጭዱ ሣሩን ሲመታ በቀዳዳው ውስጥ ዞረና ስለቱ ወደ ራሱ ጉልበት መጣ። ለጥቂት ተረፈ። ስለዚህ አራት ማዕዘን አደረግሁት፤ የመሣሪያዎቹንም ጭራ እንዲሁ። አሁን አልዞረም። ግን ቤቱን ክንዱ ላይ የሚያስረው ቆዳ አላስቀመጠው አለ። ግማሽ ቀን ሣር አጭዶ ሲፈታው መዳፉ ውሃ ቋጥሮ፣ የቁስሉ ጠባሳ ተልጦ አገኘነው። ቆዳውን ባሰፋው ይላወሳል፣ ባጠብበው ይልጠዋል። ሁለት ሳምንት በዚህ ተሰቃየን።

መላውን ያመጣችው የብርጓል ናት። ከእኛ ጋር አትቀመጥም ነበር፤ እንግዳው እንዳያፍር ብላ ራቅ ብላ ሸክላዋን ትሠራለች። አንድ ቀን እርጥብ ጭቃ ድቡልቡል አድርጋ መጣችና «ይህን አጥብቀው ይጭበጡት» አለችው። በመዳፉና በአውራ ጣቱ ጨበጠው። የመዳፉ ጉድጓድ፣ የጠባሳው ጉብታ፣ የአውራ ጣቱ ሥር ሁሉ ጭቃው ላይ ታተመ። «የጀበና ጆሮ ስሠራ እንዲህ ነው የማደርገው፣ የሰው ሁሉ እጅ አንድ አይደለም» አለች። ስትተኩሰው አነሰ። እሷ ሸክላ ሲደርቅ እንደሚያንስ ስለምታውቅ፣ ጭቃውን ሦስት ጊዜ አስጨብጣው፣ ሦስተኛውን ትንሽ አሳበጠችው። እኔ በዚያ ልክ ዋንዛ እንጨት ጠረብሁ፣ የብረቱን ቤት እንጨቱ ላይ ተከልሁት፣ በቆዳ ለበጥሁት። ወይራ ብጠርብለት ይከብደው ነበር፤ ዋንዛው ቀላል ነው። አጥልቆት አጭዶ ሲመለስ መዳፉ እንደ ነበረ ነው። የብርጓልን «እጅሽ ይባረክ» አላት። ሰው እንዲህ ሲላት የመጀመሪያዋ ነበር፤ ወደ ሸክላዋ ተመልሳ ሄደች።

መቆለፊያውም ፈተና ነበር። መሣሪያው ከቤቱ እንዳይወጣ ሽብልቅ አገባሁበት። በደንብ ሲጠብቅ ያለ መዶሻ አይወጣም፤ ሲላላ ማሳ ላይ ወድቆ ይጠፋል። በመጨረሻ ሽብልቁን ወደ ጫፉ ቀጠን አድርጌ፣ ራሱ ላይ ቀለበት አበጅቼ፣ በጠፍር ከቆዳው ጋር አሰርሁት። በግራ እጁ አንድ ጣት አግብቶ ይስበዋል፤ ሲወጣም አይጠፋም። አሁን ማጭዱን አውጥቶ ቢላዋውን ለማግባት የሚፈጅበት ጊዜ አንድ አባታችን ሆይ ለመድገም አይበቃም። ቆጥሬዋለሁ።

በዚህ መካከል አንድ ነገር ሆነ። ያኔ ምን እንደ ሆነ አልገባኝም። የመጨረሻውን ቤት የምሠራበትን ብረት ስመርጥ በቢላዋ ጀርባ መታ አድርጌ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ዋኘው ቀና ብሎ «ምን እያደረግህ ነው?» አለኝ። «ውስጡ ስንጥቅ እንዳለው እየሰማሁ ነው» አልሁት። እጄንም ፊቴንም ትኩር ብሎ አየ። የዚያን ዕለት ምሳውን ሲበላ ጀርባውን አላዞረብኝም። ከግራሩም ሥር አልሄደም። እዚያው ወናፉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በላ።

በመጋቢት ዝናብ ጣል አድርጎ መሬቱ ሲለሰልስ እርሻውን ለመሞከር ተነሣን። በሚያድርበት ቤት ያሉት ሰው በሬዎቻቸውን ሰጡት። እርፉን የሚይዝበት ሙሉ ቀለበት አድርጌለት ነበር። ሁለት ትልም በደንብ ሄደ። በሦስተኛው ማረሻው ድንጋይ መታና እርፉ ዘለለ፣ በሬዎቹ ደንብረው ሳቡ፣ የእሱ ክንድ ቀለበቱ ውስጥ እንደ ታሰረ ተጎተተ። ሮጬ በሬዎቹን እስክይዝ ድረስ ትልሙ ላይ ተንከባለለ። ትከሻው አብጦ ሰነበተ። «ይቅር፣ እርሻው አይሆንም» አልሁት። «ቀለበቱን ግማሽ አድርገው። እኔ ስጫነው ይያዝ፣ ሲዘልል ይልቀቀኝ። ድሮም እጄ እንዲያ ነበር የሚያደርገው» አለኝ። እውነቱን ነው። መያዝ ብቻ ሳይሆን መልቀቅም የእጅ ሥራ ነው፤ እኔ መያዙን ብቻ ነበር ያሰብሁት። ከታች ክፍት የሆነ ግማሽ ቀለበት ሠርቼ ውስጡን በቆዳ አለበስሁት። ከአንድ ሳምንት በኋላ እዚያው ማሳ ላይ እስከ ቀትር አረሰ። ድንጋይ ሲመታ እርፉ ይወጣል፣ እሱ ደግሞ መልሶ ይጫነዋል። ማሳው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እያየሁ አለቀስሁ። ላብ ነው አልሁት።

እንግዲህ ወታደሮቹ የመጡበትን ቀን ልንገርሽ። መጋቢት መጨረሻ ነው። ጾም ስለ ሆነ ምሳው ዘግይቷል። የብርጓል እንጀራና ሽሮ አቅርባልን ሦስታችንም በአንድ ገበታ ልንቀመጥ ነበር፤ እሱ ራሱ ነው «ዛሬ እዚህ ልብላ» ያለው። ለእሱ ለመብያ የሚሆን ከእንጨት የተጠረበ፣ እንደ ጣት የጎበጠ መቁረሻ ሠርቼለት ስለ ነበር ሊሞክረው ፈልጎ ነው ብዬ አሰብሁ። በዚህ መካከል ሦስት ባንዳዎች ጠመንጃ ይዘው ገቡ። እጁ የቆሰለ ሁሉ ሽፍታ ነው ተብሎ አገሩን እያሰሱ ነበር። አለቃቸው የዋኘውን ቀኝ እጅ አየ። «ይህ ምንድን ነው? የት ነው የተቆረጥኸው?» አለው። «እዚሁ ነው። መስፉ ወድቆብኝ ነው» አለ ዋኘው። ሰውዬው ሳቀ። «አንተ መልክህም አነጋገርህም የገበሬ ልጅ ነው። ከቡዳ ቤት ምን ትሠራለህ? ለዚህ ቀጥቃጭ ምኑ ነህ?»

ዋኘው አልቸኮለም። በዚያች በእንጨት መቁረሻ እንጀራውን ቆርሶ፣ በሽሮው አጥቅሶ፣ ወደ አፌ አመጣውና አጎረሰኝ። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞሮ «የእህቱ ባል ነኝ። እኔም ቀጥቃጭ ነኝ። ከፈለግህ ናና አብረን እንብላ» አለው።

ጉርሻውን ሳላላምጥ ዋጥሁት። የብርጓል የያዘችውን እንስራ ለቀቀችው፣ ተሰበረ። ሰውዬው ግን ወደ ኋላው ሸሸ። ዓይናችን እንዳያገኘው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ምራቁን ተፋና «እንሂድ፣ እንሂድ» አላቸው። አንዱ እንኳ ወደ ኋላው ሳያይ ወጡ። ዕድሜ ልካችንን ሲያዋርደን የኖረው ስም ያን ዕለት ሰው አዳነ።

ለማምለጥ የተናገረው ውሸት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እሱም ምንም አልጨመረም፣ ምሳውን በላ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንተ» ማለቱን ትቶ «አንቱ» ይለኝ ጀመር። ፋሲካንም ከእኛ ጋር ፈሰከ። በመንገዱ ሁሉ ፍተሻ ስለ በዛ ነው አለ።

ባለፈው ሰኞ መሣሪያዎቹን ሁሉ ጨርሼ ደርድሬ አሳየሁት። ማጭድ፣ ቢላዋ፣ የእርፍ መያዣው፣ መጥረቢያ የሚደግፍበት ቆልማማ ብረት፣ መቁረሻው። አምስት ናቸው። ሁሉንም እያወጣ እያገባ ሞከራቸው። ከዚያ «አንድ ብቻ ይቀራል። የጠመንጃ ምላጭ የምስብበት ይሠሩልኛል?» አለኝ።

የያዝሁትን ሞረድ አኖርሁ። መሬት ላይ ተቀመጥሁ። «ጠመንጃ ዳግመኛ አልነካም። ያን መዝጊያ የሠራሁት እኔ ነኝ። ጣቶችህን የወሰድሁት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቄያለሁ» አልሁት። የሚያደርገኝን ጠበቅሁ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ጠመንጃውን የሰጡኝ ሰዎች ያበጀው የይጁቤው ቀጥቃጭ ነው ብለውኛል። አውቄ ነው የመጣሁት። ካሳ ልጠይቅ፣ እምቢ ቢሉኝ ልጣላ ነበር የመጣሁት። ያን ቀን ብረቱን ወደ ጆሮዎ ሲያስጠጉ ግን ነገሬ ሁሉ ተለወጠብኝ።» ከዚያ ይህን ነገረኝ፤ ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ። «ያን ውጅግራ ሐምሌ ላይ ቤት ይዤው ስገባ የልጆቼ እናት አምጣው አለችኝ። መዝጊያውን በቢላዋ ጀርባ መታች፣ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ‹ይህ ብረት ታሟል፣ አትተኩስበት› አለችኝ። ሳቅሁባት። እንግዲህ ጣቶቼን የወሰደው የእርስዎ እጅ ብቻ አይደለም፣ የእኔም አለመስማት ነው። ሴት ልጅ የብረት ድምፅ የት ተማረች ብዬ አልጠየቅኋትም። ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረን በፈቃዷ ያልነገረችኝን አስጨንቄ አላወጣባትም አልሁ። ሌሊት ስታልም የምትጠራውን ወንድም ግን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።»

እህቴ፣ አባታችን ያን መስማት ያስተማረው ሁለታችንን ብቻ ነው። በመስቀል ምዬ ስለ ነበር አዎን አላልሁትም። አይደለምም አላልሁትም። እሱም መልስ አልጠበቀም። የልጆቹን ስም ነገረኝ። ወለላ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ፍም በእጇ ለማንሣት አትፈራም አለኝ። ሙላት ገና በእግሩ መሄድ መጀመሩ ነው አለኝ። የምላጩን ነገር ዳግመኛ አላነሣውም፣ እኔም አልሠራሁለትም።

ዛሬ ጧት በቅሎውን ሊጭን ሲል «ደብዳቤ ይጻፉና ይስጡኝ፣ አደርሰዋለሁ» አለኝ። «ለማን?» አልሁት። «ለማን እንደ ሆነ እርስዎ ያውቃሉ። እኔ እንደሆንሁ ፊደል አልቆጠርሁም። የምትጻጻፉት የሁለታችሁ ነው» አለኝና ወጥቶ ደጅ ተቀመጠ። ይኸው እሱ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ እኔ እየጻፍሁልሽ ነው። ይህን ወረቀት ያመጣልሽ ሌላ ሰው አይደለም።

አሁን ምን እንደምትነግሪው የአንቺ ጉዳይ ነው። እኔ አላዝሽም። ብትነግሪው ይሰማሻል። ዝም ብትዪም ዝም እንደሚል በአፉ ነግሮኛል። እኔ ግን ሦስት ወር አብሬው ውያለሁ፤ ፈርተሽው እንድትኖሪ የሚያደርግ ሰው አይደለም።

የእጁን አያያዝ ልንገርሽ። የቤቱን ውስጥ በየሳምንቱ ሞራ ይቀባ። ዝናብ የመታው ቆዳ እሳት ዳር አይድረቅ፣ ይሰነጠቃል፤ ጥላ ላይ ይንጠልጠል። ሽብልቁ ሲላላ የቆዳ ቁራጭ ይደረብበት። እንጨቱ የመዳፉን ጠባሳ የሚልጠው ከሆነ ራስሽ አትጥረቢው፣ ወደ እኛ መልሱት፤ የብርጓል ሸክላውን አስቀምጣዋለች። የማጭዱና የቢላዋው ስለት ሲደንዝ የምትስዪው አንቺ ሁኚ። በዚህ ላይ የሚያስተምርሽ ሰው አያስፈልግም።

የብርጓል በዓይን ሳታይሽ ሰላም ብላሻለች። ለልጆቹ ብላ ሁለት ትንንሽ ገንቦ ሰጥታዋለች፣ በመንገድ ካልተሰበሩ። እግዚአብሔር በሬዎቻችሁን ይጠብቅ፤ ዘራችሁ ይብቀል፤ ጠላት በመጣበት መንገድ ይመለስ፤ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ። ለእማሆይ አፈሩን ያቅልልላቸው። አባታችንን ነፍሱን ይማር። ከክረምቱ በፊት መምጣት ብትችሉ፣ ከገበያው በታች ወንዙ ዳር ጢስ የሚታይበት ቤት የእኛ ነው። ደጁን የሚያውቅ ሰው ከአንቺ ጋር አለ።

የወለላና የሙላት አጎት፣
ወንድምሽ